አምፖሉ ሲጠፋ ሴንሰሩስ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ወንድሜ ከዱባይ የዚግቢ (ያለ ገመድ በአጭር ርቀት ሬዲዮ የሚገናኙ) አምፖሎችና የበር ሴንሰር ልኮልኝ፣ ሃቡን (ሁሉንም የሚያዘውን ሳጥን) ሳሎን አስቀምጬ አምፖሎቹን ሳሎንና በረንዳ ገጠምኳቸው፣ ሴንሰሩን ደሞ ጓሮ ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ። ችግሩ ማታ ባለቤቴ የበረንዳውን መብራት ከግድግዳው ስታጠፋው ሴንሰሩም አብሮ ድምፁ ይጠፋል። ባትሪው አዲስ ነው። ስማርት የሚሉት ይሄን ነው እንዴ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ ሴንሰርህ ደህና ነው፣ ባለቤትህም ምንም አላጠፋችም፣ ከመብራቱ በቀር። እነዚህ ዕቃዎች ሁሉም በቀጥታ ከሃቡ ጋር አያወሩም፣ መልእክቱን እየተቀባበሉ ነው የሚያደርሱት፣ የሚቀባበሉት ግን ሁሌ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ናቸው። ባለ ባትሪው ሴንሰር ባትሪ ለመቆጠብ ተኝቶ ነው የሚውለው፣ በሩ ሲከፈት ነቃ ብሎ የያዘው አምፖል ላይ ወሬውን ጥሎ ተመልሶ ይተኛል። ሃቡ ሳሎን ነው፣ መሃል ላይ ግድግዳ አለ፣ በሩ ቆርቆሮ ከሆነ ደሞ ባሰ፣ ስለዚህ ድልድዩ የበረንዳው አምፖል ነበር ማለት ነው።

ስማርት ነው ወይ ላልከው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ምንም አይደለም፣ አንዱ መልእክት ራሱ ከ127 ባይት አይበልጥም፣ ከአንድ የስልክ ኤስኤምኤስ ያንሳል። ጉብዝናው አንዱ መንገድ ሲዘጋ ኔትወርኩ ራሱ ሌላ መፈለጉ ላይ ነው፣ አንተ ቤት ግን ሌላ መንገድ የለም፣ ከየት ያምጣ። ገመድ አልባ የሴንሰር ኔትወርክ እኮ ድሮ አምፖል ማብሪያ አልነበረም፣ በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሜይን ውስጥ ግሬት ደክ የምትባል ደሴት ላይ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲና የኢንቴል ተመራማሪዎች በግድግዳ ሰዓት ባትሪ የሚሰሩ 32 ትንንሽ ሴንሰሮች አስቀምጠው፣ የባህር ወፎች እንቁላል የሚታቀፉበትን ጉድጓድ ወፎቹን ሳይረብሹ ከሩቅ ይከታተሉ ነበር።

ወደ ቤትህ ስንመለስ፣ በረንዳው አካባቢ አንድ ስማርት ሶኬት ሰክተህ እንዳይነቀል አድርገው፣ ዚግቢ እንጂ ዋይፋይ እንዳይሰጡህ አደራ፣ ሲታዩ አንድ ናቸው። ለባለቤትህም ባለ ባትሪ የዚግቢ ማብሪያ ግድግዳው ላይ ለጥፍላት፣ አምፖሉ ይጠፋል ኤሌክትሪኩ ግን አይቋረጥበትም። ሰፈሩ መብራት ሲሄድ ግን ሃቡም ሶኬቱም አብረው ይሄዳሉ፣ ሌባ ደሞ የሚወደው ያንን ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ሁለቱንም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ላይ አድርጋቸው። ኢንተርኔት ሲቋረጥስ ካልክ፣ ትዕዛዙ (ለምሳሌ በሩ ሲከፈት አምፖሉን አብራ የሚለው) ሃቡ ላይ ከተቀመጠ ይሰራል፣ ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ከሆነ አይሰራም፣ ራውተርህን ነቅለህ በሩን ክፈትና እየው።

ሶኬቱን ከሰካህ በኋላ ሴንሰሩ የድሮውን አምፖል አለቅም ካለ ከአፑ ላይ አጥፍተህ እዛው ጓሮ ሆነህ እንደገና አገናኘው።