ባሕር ዛፍ ባሕር ይጠጣል እንዴ?

ጥያቄው የመጣው ከምዕራብ ጎጃም ነው። ጠያቂያችን ከምንጭ በታች አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር ያህል) መሬት አላቸው። ባሕር ዛፍ ሊተክሉበት አስበው ነበር። ጎረቤታቸው ግን ተቃወሙ፦ «ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ባሕር ዛፍ የተባለው ባሕሩን ጠጥቶ ስለሚያደርቅ ነው!» እውነት ነው ወይ፣ ልትከል ወይስ ልተወው ይላሉ።

ጎረቤትዎ ስሙን ስተዋል። ምክራቸው ግን ትክክል ነው።

ከስሙ ልጀምር። እዚህ ላይ «ባሕር» የሚለው ዛፉ የመጣበትን መንገድ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው። አባቶቻችን ከውጭ ለገባ ተክል እንዲህ ስም ማውጣት ይወዱ ነበር። በቆሎን የባሕር ማሽላ የሚሉ አሉ። ፍሬው የሚበላው ከአሜሪካ የመጣው ቁልቋልም የባሕር ቁልቋል ነው። ጥድ ላይ ሲደርሱ ደግሞ የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ ብለው ለዩት። ነገሩ ያው ነው።

የባሕር ዛፍ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ወደኛ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ነው። አዲስ አበባ ያኔ ማገዶ አልቆባት ነበር። ንጉሡ መናገሻውን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወዳለችው የአዲስ ዓለም ከተማ ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋ ባለችበት እንድትቀር ካደረጓት ነገሮች አንዱ ይሄ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው።

ትግርኛ ተናጋሪዎች ቀላሚጦስ ይሉታል። እሱ የመጣው ኢውካሊፕተስ ከሚለው የግሪክኛ ስም ነው፤ «በደንብ የተሸፈነ» ማለት ነው። እምቡጡ ክዳን አለው፤ አበባው ሲፈነዳ ክዳኑ ይወድቃል። ዛፉ ሲያብብ ከሥሩ መሬቱን ይዩ፤ ክዳኖቹን ወድቀው ያገኟቸዋል።

አሁን ወደ መሬትዎ። ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ሥሩን አርቆ ይሰዳል። ስለዚህ ምንጩ አጠገብ አይትከሉ። እዚያ ሾላ ወይም ዋንዛ ይሻላል። ባሕር ዛፉን ለእርሻ የማይሆን፣ ከምንጩ የራቀ ገደላማ ቦታ ላይ ያድርጉት። ከጎረቤት ጤፍም ያርቁት፤ በመሃል ጠለቅ ያለ ቦይ ቆፍረው ወደ ማሳው የሚሄደውን ሥር ይቁረጡ። ቦዩ በየጊዜው ካልታደሰ ግን ሥሩ ተመልሶ ይሻገራል። (የጎረቤት ጠብ ከዛፍ ሥር እንደሚነሳ ስንቴ አይቻለሁ መሰልዎ።) ደግሞ አንዴ ከተከሉት መሬቱን መልሶ ለእህል ማዋል ቀላል አይደለም። ቢቆርጡት ጉቶው ያቆጠቁጣል። ለአጣናና ለማገዶ ይሄ በረከት ነው፤ ሐሳብዎን ሲቀይሩ ግን ጉቶ መንቀሉ ወገብ ይሰብራል።

ችግኝ ሲገዙ «ባሕር ዛፍ» ብቻ ብለው አይጠይቁ። ነጩ ለደጋ ነው፤ የልጅነት ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ አመድማ ሰማያዊ ነው። ቀዩ ሞቃት አገር ይስማማዋል፤ ቅጠሉ ጠበብ ያለ አረንጓዴ ነው፣ እንጨቱ ይቀላል። ነጩን ቆላ ወስደው ቢተክሉት ከስሞ ይቀርብዎታል። እርስዎ ያሉበት ቦታ ከፍታው ስንት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ የቀበሌዎን የልማት ሠራተኛ ጠይቀው ይግዙ።