ዙላ፣ አዱሊስና የ1860 ነገር

ጥያቄ፦ በአፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተውን የእንግሊዝ ጦር የመራው ጄኔራል ናፒየር በቀይ ባሕር ዳር ባለችው ዙላ ላይ የወረደበትን ጊዜ አንዱ ጽሑፍ 1867፣ ሌላው 1868፣ የአማርኛው ደግሞ 1860 ይለዋል። የትኛውን ልያዝ? (አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የእኛ 1860 ከፈረንጆቹ 1867 አጋማሽ በኋላ ገብቶ 1868ን ይዞ ይሄዳል። የእንግሊዝ ቀዳሚ ጓድ ዙላ የደረሰው በጥቅምት 1860 ስለሆነ 7 ሲደመር 1867 ይሆናል። ናፒየር ራሱ የደረሰው ግን የፈረንጆቹ 1868 ሲጠባ ነው፤ በእኛ ወሩ ታኅሣሥ ሊያልቅ ነው፣ ዓመቱም ያው 1860። እንግዲህ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይደምሩ። ወሩን ሳያዩ በደፈናው 8 የሚደምር ሰው ጦሩን ከአዛዡ ጋር አንድ ላይ ያወርደዋል።

ቀኑ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ነው፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 13። የዛሬውን የግድግዳ ካላንደር ቢያዩ ግን ሚያዝያ 6ን ኤፕሪል 14 ላይ ያገኙታል። ፈረንጆቹ በ1900 የካቲታቸውን 28 ቀን ብቻ አድርገው አለፉ፣ የእኛ ግን በየ4 ዓመቱ 6ኛዋን ጳጉሜን አይተውም። ስለዚህ ከየካቲት 1792 እስከ የካቲት 1892 ላለ ቀን ከዛሬው ካላንደር 1 ቀን ይቀንሱ። ምኒልክ አደባባይ ላይ የአድዋን በዓል የምናከብረው ማርች 2 ሆኖ ሳለ መጻሕፍቱ ጦርነቱን ማርች 1፣ 1896 የሚሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። የካቲት 23 አልተነቃነቀም፤ የተንሸራተተው የፈረንጁ ነው።

ጥያቄ፦ ያን ሁሉ ጦር ለምን ከምፅዋ ይልቅ ዙላ አወረዱት? (አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ባሕረ ሰላጤው ከነፋስ የተጠለለና ለትላልቅ መርከቦች የሚበቃ ነው፤ በኩማይሊ በኩል ወደ ሰንዓፈ የሚያወጣው ገደል መንገድም ቅርብ ነው። የጎደለው ውኃ ነበር። መርከቦቹ የባሕር ውኃ እያፈሉ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ ያጠጡ ጀመር፤ ነገር ግን ወደ 13,000 ወታደር፣ ከዚያ የሚበልጥ ጓዝ ተሸካሚና በአሥር ሺህ የሚቆጠር የጭነት ከብት ላለው ሰፈር ይህ እንዴት ይበቃል? በቅሎዎቹ በጥምና በበሽታ አለቁ። ከዙላ እስከ ኩማይሊ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድም ብረቱ ከሕንድ ከየቦታው የተሰበሰበ ስለነበረ እርስ በርሱ አልገጥም እያለ ሥራውን አጓተተው። ከሕንድ ከመጡት 44 ዝሆኖች የተወሰኑት ከባድ መድፉን ተሸክመው መቅደላ ድረስ ዘለቁ። በትግራይ በኩል በሰላም ያለፉትም ደጃዝማች ካሳ ምርጫ (በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ) ስለፈቀዱ ነው።

ጥያቄ፦ አዱሊስ የጥንቱ የአክሱም መንግሥት የባሕር በር ከነበረች ፍርስራሹ ዛሬ ከባሕሩ ለምን ራቀ? ባሕሩ ሸሽቶ ነው? (ያው አንባቢ)

መልስ፦ ዙላ መንደር አጠገብ ያለው ፍርስራሽ ዱሮም ባሕሩ ጫፍ ላይ አልነበረም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የግሪክ መርከበኞች መመሪያ ከተማዋን ከባሕሩ 20 ስታድዮን ያርቃታል። አንዱን ስታድዮን 185 ሜትር ብንለው ወደ 3.7 ኪሎ ሜትር ነው። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ደለል ያመጣል፣ ይህ እውነት ነው፤ ርቀቱን ሁሉ ግን በደለል ማሳበብ አይቻልም።

ስለ አዱሊስ ሲያነቡ ስለ እብነ በረዱ ዙፋን የሚወራውን ጠንቀቅ ይበሉ። በአፄ ካሌብ ዘመን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ እዚያ ሁለት የግሪክኛ ጽሑፎች ገልብጧል፦ ከዙፋኑ አጠገብ ከነበረ ድንጋይ ላይ የግብፁን ንጉሥ የ3ኛውን በጥሊሞስ፣ ከዙፋኑ ላይ ደግሞ ስሙ ያልተጻፈ የአክሱም ንጉሥ ዘመቻ። አከታትሎ ስለጻፋቸው ብዙዎች አንድ ጽሑፍ መስሏቸው የአክሱሙን ድል ለበጥሊሞስ ሰጥተዋል። በጥሊሞስ እስከ ቀይ ባሕር ማዶ ዘመተ የሚል ካገኙ ከዚያ ስሕተት የተቀዳ ነው።