አቃቂ ቤት ልንገዛ ነው፣ ወንዙስ?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እኔና ባለቤቴ 7 ዓመት ተከራይተን ኖረን አሁን አቃቂ አንድ አሮጌ ፋብሪካ አጠገብ ግቢ ያላት ቤት አገኘን፣ ዋጋዋም እንደ አቅማችን ነው። ጓሮው ወንዙ ዳር ስለሚደርስ ጎመን ልተክል አስቤ ነበር ግን ዘመዶቼ «ወንዙ መርዝ ነው፣ ልጅ ይዘሽ እዛ አትግቢ» ብለው አስፈሩኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ አቃቂ ነው ያደግኩት፣ ሰፈሬን ሰው ሲያጣጥልብኝ ያመኛል፣ ስለ ወንዙ ግን ዘመዶችሽ እውነታቸውን ነው። በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ የገባው ባቡር በኛ በኩል ያልፍ ስለነበር፣ ሜዳውም ውሃውም ስላለ ፋብሪካው ሁሉ ወደዚህ መጣ፣ ጨርቃ ጨርቁ በለው ብረታ ብረቱ በለው። ከላይ ከከተማው ደግሞ የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ሲመጣ ኖሯል፣ ቆዳ በብዛት የሚለፋው ክሮሚየም በሚባል ብረት ነው፣ እሱ ደግሞ ፋብሪካ ቢዘጋም አፈሩ ውስጥ ይቀመጣል። ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ እንዲህ ያለውን ብረት ከአፈሩ ስበው ቅጠላቸው ውስጥ ሊያጠራቅሙት ይችላሉ፣ ብታጥቢው ብትቀቅይው አይወጣም። የቧንቧ ውሃ ባጠጣውስ እንዳትይ፣ ክረምት ወንዙ ሞልቶ የተኛበት መሬት ራሱ ነው ችግሩ። ስለዚህ ወንዙ ዳር አበባ ወይ ዛፍ ትከይበት፣ ጎመኑን ከፈለግሽ ከሌላ ቦታ አፈር አስመጥተሽ በርሜል ቆርጠሽ ትከይ። ልጆቹም እዛ ጭቃ እንዳይጫወቱ፣ ከውጭ ሲገቡ እጃቸውን ይታጠቡ።

ቤቱ ላይ ደግሞ ግድግዳውን በደንብ እዪ፣ የኛ አፈር መረሬ ነው፣ ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል፣ መሰረቱ ጥልቅ ካልሆነ ቤት ይዞ ይሄዳል፣ የእናቴ ሳሎን ሁለቴ ተሰንጥቆብን ሁለቴ አስጠግነናል። ከሁሉም በላይ ቀብድ ሳትከፍሉ በፊት ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ካርታው ላይ ያለው ቦታ የወንዝ ዳርቻ ክልል (ለወንዙ የተከለለ መሬት) ውስጥ መግባት አለመግባቱን አጣሩ፣ ሻጩ «ችግር የለውም» ስላለ ብቻ እንዳትፈርሙ!

ከተቻለ ነሐሴ ላይ ዝናብ ባባራ ማግስት ሂዱና ውሃው እስከየት እንደደረሰ በአይናችሁ እዩ፣ ጎረቤት ካሉት የፋብሪካ ጡረተኞችም አንዱን ቡና ላይ ጠይቁት፣ ግቢው ድሮ ምን እንደነበረና ምን እንደተደፋበት ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።