«ቲቢ ይዘሽ ትገቢያለሽ» ለተባለችው ነርስ

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ደሴ ላይ በነርስነት ከተመረቅሽ ሁለት ዓመትሽ ነው። አሁን ሁለት ሥራ መጥቶልሻል። አንዱ ዓረብ አገር የሚሄዱ ሰዎችን የሚመረምር የግል ክሊኒክ፣ ደህና ደሞዝ ያለው። ሌላው ኮምቦልቻ ላይ ከሳዑዲና ከየመን የሚመለሱትን መመርመር፣ የአንድ ዓመት ኮንትራት። ልብሽ ወደ ሁለተኛው ነው። እናትሽ ግን «ቲቢ ይዘሽ ትገቢያለሽ» ብለው ያለቅሳሉ።

አብሽሪ፣ እህቴ። እኔም ሥራ የጀመርኩት ቲቢ ክፍል ነው። እናቴም ልክ እንዲሁ ብላኝ ነበር።

ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው። በልብስ፣ በሰሃን፣ በመጨባበጥ አይደለም። ቲቢው ሰውነቱ ውስጥ ተኝቶ ያለ ሰው ለማንም አያስተላልፍም። የሚያስፈራው ሳያውቀው የሚያስለው ነው። እሱን ታክሲ ውስጥም፣ የዚያ ክሊኒክ ወረፋ ላይም ታገኚዋለሽ። ምርመራ ላይ ግን ገና ሲገባ ትለዪዋለሽ፦ ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክሳት። ለሱ ማስክ ትሰጪዋለሽ፣ አንቺ ኤን95 የሚባለውን አየር የሚያጣራ ማስክ ታደርጊያለሽ። መስኮት ይከፈታል፣ አክታ ደጅ ይሰጣል። ማስኩንና የሄፓታይተስ ቢ (የጉበት በሽታ) ክትባቱን ማን እንደሚያቀርብ ሳትጠይቂ ግን እንዳትፈርሚ። ክትባቱ 3 ዙር ነው፤ ዛሬ ነገ ሳትዪ ጀምሪው።

አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። ሳዑዲ ታስሮ የተመለሰ። ስለ ሳሉ ስጠይቀው «ብርድ ነው» አለኝ። ቀበቶውን አየሁት። በምስማር የተበሱ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩበት። አክታው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ ማሽን ታየ፤ ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውጤቱ ደረሰ፣ ቲቢ ነው። በነጋታው መድኃኒት ጀመረ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። 6 ወሩን ሲጨርስ ቀበቶው የድሮው ቀዳዳ ላይ ነበር።

እሱኑ ልጅ ያ ክሊኒክ ቢያገኘው «አንፊት»፣ ማለትም ለጉዞ ብቁ አይደለህም፣ ይለው ነበር። በቃ። የዳነ ቲቢ ጠባሳ ራጅ ላይ ቢታይ እንኳ የባሕረ ሰላጤው አገሮች አይቀበሉም። ምርመራው ለአሠሪው ነው፣ ለታማሚው አይደለም። መርምሮ ወረቀት አስይዞ መሸኘት ለኔ የነርስ ሥራ አይደለም።

ስለ ደሞዙ በግልጽ ልንገርሽ። አባትሽ ትልቁን ደሞዝ የፈለጉት ወንድምሽን በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ለሚወስደው ደላላ ነው። «ለደላላ አምስት ሳንቲም የለኝም» በያቸው። ያ ባለ ቀበቶ ልጅ የሄደው በዚያው መንገድ ነው። ወንድምሽን መርዳት ከፈለግሽ መንጃ ፈቃድ አስወጪለት።

ማስተርስ ስለ መማር ያነሳሽው ይቆይ። ኮንትራቱ ሲያልቅም ልምዱ ያንቺ ነው።

እናትሽን አንድ ቀን ይዘሻቸው ሂጂና ክፍሉን አሳያቸው። መስኮቱ ሲከፈት ይዩት።