የኮክልያ ሞዴልዎ ለምን እንደ ከበሮ ሆነ?

አንዲት የባዮሎጂ መምህርት እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «የውስጠኛውን ጆሮ ኮክልያ፣ ማለትም ድምፅ የሚለየውን እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ክፍል፣ ዘርግቼ ሠራሁ። 35 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም የአክሪሊክ ሳጥን ነው። ላይና ታች ከፍዬው፣ መሃል ባለው 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቀዳዳ ላይ የፊኛ ላስቲክ ወጠርኩ። ውሃ ሞላሁት። የላይኛውን ክፍል አንድ ጫፍ በፊኛ ሸፍኜ ስፒከር አስጠጋሁበት። ቀጭን ድምፅ አንዱን ቦታ፣ ወፍራም ድምፅ ሌላውን ያንቀሳቅሳል ብዬ ነበር። ወይ ንቅንቅ አይልም፣ ወይ እንዳለ ይንቀጠቀጣል። እንደ ቀንድ አውጣ ስላልጠቀለልኩት ይሆን?»

ከመጨረሻው ልጀምር። ጥቅልሉን ይርሱት። እውነተኛው ኮክልያ ሁለት ዙር ተኩል ያህል ተጠቅልሏል፤ ቢዘረጋ ግን 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የእርስዎ ሳጥን 10 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ለክፍል ይበቃል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ እንዲያውም ሦስት ቦታ።

አንደኛው ስፒከሩ ነው። አየር ላይ ያለ ድምፅ ውሃ ሲያገኝ ጉልበቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመልሶ ይሄዳል። መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የሚባሉት አጥንቶች የተፈጠሩት ለዚሁ ነው። የጆሮ ታምቡር ስፋት ከእርካቡ እግር 17 እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ፣ ግፊቱ ጠንከር ብሎ ፈሳሹ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ አያስጠጉት፤ ያገናኙት። ስፒከሩ መሃል ላይ አጭር የሸምበቆ ስንጥር ይለጥፉ። የስንጥሩን ሌላ ጫፍ ሳንቲም በሚያክል ክብ ፕላስቲክ ላይ፣ ፕላስቲኩን ደግሞ ፊኛው ላይ። ይኸው እርካብ።

ሁለተኛው መውጫ ማጣት ነው። ውሃ አይጨመቅም። በአንድ በኩል ሲገፉት በሌላ በኩል የሚወጣበት ካጣ የትም አይሄድም። ጆሮ ሁለት መስኮት አለው፦ እርካቡ የሚገፋው ሞላላ መስኮትና ግፊቱ የሚወጣበት ክብ መስኮት። የእርስዎ ሳጥን ሞላላው አለው፤ በፊኛ የሸፈኑት ጫፍ ነው። ክቡን ረስተዋል። እዚያው ጫፍ ላይ፣ በታችኛው ክፍል በኩል ይብሱትና በስስ ላስቲክ ይሸፍኑት። ሁለቱ ክፍሎች በወዲያኛው ጫፍ በትንሽ ቀዳዳ ይገናኙ። ከዚያ የላይኛውን መስኮት በጣትዎ ቀስ ብለው ይጫኑ። የታችኛው እንደ እንቁራሪት ጉሮሮ ነፋ ማለት አለበት። ካላለ ወይ ያፈስሳል፣ ወይ አየር ገብቷል። አንዲት የአየር ኳስ ግፊቱን ሁሉ ትበላዋለች። እኔ ውሃውን አፍልቼ አቀዘቅዝና ሳጥኑን ሳፋ ውስጥ ነክሬ ነው የምሞላው።

ሦስተኛው፣ ዋናው፣ ላይኛውንና ታችኛውን ክፍል የሚለየው የመሃሉ ሽፋን ነው። እውነተኛው ሽፋን እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ አይደለም። ሃንጋሪያዊው ጌዮርግ ቤኬሺ ይህን በሬሳ ጆሮ ላይ አይቷል፤ ሲቆርጠው ጠርዞቹ ወደኋላ አልሸሹም። ቡዳፔስት ውስጥ በስልክ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። እንደ እርስዎ ውሃና ላስቲክ ይዞ ሞዴል ሲሠራ ከርሞ በ1961 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘ። ድምፁ ማዕበል ሆኖ ሽፋኑ ላይ ይሄዳል፤ እንደየድግግሞሹ የሆነ ቦታ ላይ ገንኖ ይጠፋል። ይህ እንዲሆን ሽፋኑ መስኮቶቹ አጠገብ ጠባብና ደረቅ ያለ፣ ጥግ ላይ ሰፊና ልል መሆን አለበት። ስፋቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ተነስቶ ወደ 0.5 ይደርሳል። እርስዎ ስፋቱን 40 እጥፍ ያድርጉት፤ ከ4 ሚሊ ሜትር ተነስቶ በ2 ሳንቲ ሜትር የሚያልቅ ቀዳዳ።

እዚህ ላይ እኔም ተሸውጃለሁ። ቀንድ አውጣው ወደ ጫፉ ስለሚቀጥን ሽፋኑም አብሮ የሚጠብ ይመስላል። የመጀመሪያ ሞዴሌን ገልብጬ ቆርጬ አንድ ሙሉ አክሪሊክ አቃጠልኩ።

መሃል ላይ የወጠሩትን ፊኛ ተዉት። ለሻጋታ የሚሸጠውን፣ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚረጋውን ለስላሳ ሲሊኮን ይግዙ። ትርፍ አክሪሊክ ላይ ስስ ቫዝሊን ቀብተው ዙሪያውን በፕላስቲሲን ይገድቡ። ከአንዱ ጫፍ ስር አንድ ሳንቲም ያስገቡና ሲሊኮኑን ያፍስሱ። ፈሳሹ ራሱን ስለሚያስተካክል ዝቅ ያለው ጫፍ ወፍራም፣ ከፍ ያለው ስስ ሆኖ ይረጋል። ወፍራሙ ወደ መስኮቶቹ። ሳይወጥሩ ጣል አድርገው በአኳሪየም ሲሊኮን ይለጥፉት። ሲሊኮንን የሚይዘው ሲሊኮን ብቻ ነው። ሱፐር ግሉ አይሞክሩ፤ ይላቀቃል፣ አክሪሊኩንም ጭጋግ ያለብሰዋል። አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ።

ሲያዩት ደግሞ በባዶ ዓይን አይሁን። ከመለጠፍዎ በፊት ሽፋኑ ላይ ጥቂት ብልጭልጭ ነስንሰው በሲሊኮን ያስይዙት። ባትሪ በጎን ያብሩና በስልክዎ ስሎው ሞሽን ይቅረጹ። ድምፁን ከስልክ አፕ ከ20 ሄርዝ ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ 200 ይውሰዱት። ሞዴሉ ትልቅ፣ ላስቲኩም ለስላሳ ስለሆነ 5000 ሄርዝ ላይ ምንም አያዩም። ድምፁ ሲቀጥን እንቅስቃሴው ወደ መስኮቶቹ መምጣት አለበት።

ግን ቦታው ልክ እንደ ነጥብ ጠብቦ አይታይዎትም፤ ሰፋ ያለ እብጠት ነው የሚሆነው። ቤኬሺም በሬሳ ጆሮ ያየው እንደዚያ ነበር። ሕያው ጆሮ ውስጥ 12,000 የሚሆኑ ውጫዊ የፀጉር ሕዋሳት እንቅስቃሴውን እያገዙ ያጎሉታል፣ ያጠቡታልም። እነሱን በሲሊኮን የምሠራበት መላ የለኝም።