ያ ሰርተፊኬት የተሰጠህ መቼ ነው?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂው የ27 ዓመት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሲሆን ሕንጻ ግንባታ ላይ ይሠራል። ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ።

«ሁለት ፈጠራ አለኝ። አንዱ የተቃጠለ ፍሎረሰንት ያለ ስታርተርና ያለ ባላስት የሚያበራ ሰርኪዩት ነው። ሁለተኛው ከላይኛው ፎቅ ፍርስራሽ የሚወርድበት ነው። በርሜሎች ቀጣጥዬ ነው የሠራሁት። ታች አፉ ላይ አቧራውን የሚያፍን በር አለው፤ በፍርስራሹ ክብደት ራሱ ይከፈታል፣ ራሱ ይዘጋል። ያየው ሁሉ ወዶታል፣ ሰርተፊኬትም ተሸልሜበታለሁ። አሁን ኮምቦልቻ ላይ አንድ ኮንትራክተር ቀድቶት እየሠራበት ነው። ልከሰው እችላለሁ? ፓተንት ለማውጣትስ ስንት ይፈጃል?»

ታናሽ ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ፍርስራሽ ከአራተኛ ፎቅ በአካፋ ሲለቀቅ ከሥር ያለፈ ሰው የሠራኸው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እኔም ኮቴን ስንት ጊዜ አራግፌያለሁ።

ለጥያቄዎችህ አጭር መልስ ልስጥ። የተመዘገበ መብት በእጅህ ከሌለ ኮንትራክተሩን በፓተንት መክሰስ አትችልም። ፓተንት ማለት ፈጠራህን ሌላ ሰው ያለ ፈቃድህ እንዳይሠራበት የሚከለክል መብት ነው፤ የሚሰጠውም አዲስ አበባ ያለው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ ክፍያውንም እዚያው ጠይቅ። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ፈጠራው አዲስ፣ ፈጠራዊ ብቃት ያለው (ለባለሙያ በቀላሉ የማይታሰብ) እና በሥራ ላይ ሊውል የሚችል መሆን አለበት። ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ እዚህ አገር ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። አነስተኛ ፈጠራ ከሆነ ደግሞ የግልጋሎት ሞዴል ይባላል፤ 5 ዓመት፣ ሲታደስ ሌላ 5።

አሁን ወዳልጻፍከው ልምጣ። «ያየው ሁሉ ወዶታል» ብለሃል። ማን ነው ያየው? የት? መቼ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣህ። ስለ በሩ ማጠፊያ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈህልኛል፣ ቀን ግን አንድም የለበትም። ለኔ ከማጠፊያው ይልቅ ቀኑ ይበልጣል። ሕጉ «አዲስ» የሚለው ከማመልከቻህ ቀን በፊት በዓለም የትም ቦታ ለሕዝብ ያልተገለጸን ነገር ነው። መግለጽ ደግሞ መጽሔት ላይ ማውጣት ብቻ አይደለም። በአፍ መናገር፣ ኤግዚቢሽን ላይ ማሳየት፣ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ፣ ዕቃውን ሰው በሚያየው ቦታ መጠቀም ሁሉ መግለጽ ነው። መንገድ ዳር ያለ ሕንጻ ላይ የተንጠለጠለ በርሜል ደግሞ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል።

ቢሮዬ ሰርተፊኬት በፍሬም አስገብተው፣ በነጠላ ጠቅልለው የሚመጡ አሉ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው «ይኸው፣ መንግሥት አውቆልኛል» ይሉኛል። እኔ መጀመሪያ የማየው ማኅተሙ አጠገብ ያለውን ቀን ነው። ያ ወረቀት የአድናቆት ወረቀት እንጂ መብት የሚሰጥ አይደለም። ይባስ ብሎ፣ ፈጠራው በዚያ ቀን በሕዝብ ፊት እንደቀረበ በማኅተም የሚመሰክርብህ እሱ ራሱ ነው። አንዱ ደንበኛዬ ከተሸለመ በ14ኛው ወር ነበር የመጣው። ወረቀቱን ከፍሬሙ ሳያወጣ እንደያዘው ተመለሰ።

14 ወር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አዋጁ ለፓተንት አንድ ይቅርታ ያደርጋል። የገለጽከው አንተው ራስህ ከሆንክ፣ ወይም ሌላ ሰው ያላግባብ አውጥቶብህ ከሆነ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ ካመለከትክ መግለጹ አይቆጠርብህም። የሚቆጠረው ከሽልማቱ ቀን ሳይሆን መጀመሪያ ከታየበት ቀን ነው። ከሽልማቱ በፊት ስንት ወር በርሜሉ ተንጠልጥሎ ነበር? ይህን የምታውቀው አንተ ነህ። ደግሞ ይህ ይቅርታ የኛ አገር ነው፤ ውጭ አገር ላመልክት ብትል ብዙ ቦታ አይሠራም። ለግልጋሎት ሞዴልም ያው ነው ብለህ አትደገፍበት፤ የአዲስነት መለኪያው ስለሚለይ ጠበቃ ያይልህ።

ቪዲዮ ለቀህ ከሆነ ደንግጠህ አታጥፋው። የታየ ነገር አልታየም አይባልም። ብታጠፋው መቼና በማን እንደወጣ የሚያሳየውን ማስረጃ ብቻ ነው የምታጣው። ቀኑ እንዲታይ አድርገህ አስቀምጠው፤ አዲስ ግን አትልቀቅ። ከዛሬ ጀምሮ ለማንም ስታሳይ፣ ሽርክና እንግባ ለሚልህም ቢሆን፣ በቅድሚያ የምስጢር ጥበቃ ውል በጽሑፍ ይፈረም፤ ሁለት ምስክርም ይኑረው። «የሰፈር ልጅ ነው፣ አይከዳኝም» የሚለውን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ሌላም የዘለልከው አለ። በርሜሎቹ የማን ናቸው? የበየድከውስ በማን ማሽን ነው፣ በሥራ ሰዓት ወይስ በእሑድ? ፈጠራው በቅጥርህ ሥራ ውስጥ የተሠራ ከሆነ መብቱ የአሠሪህ ነው። ከቅጥርህ ጋር ምንም ሳይገናኝ፣ የአሠሪህን ዕቃም ሳትነካ ከሠራኸው ያንተ ነው። በመሃል ያለው፣ ያንተ ጭንቅላትና የአሠሪህ ዕቃ የተገናኙበት፣ የሁለታችሁ የጋራ ይሆናል። ኤሌክትሪሻን ሆነህ መቀጠርህ ሊጠቅምህ ይችላል፤ ፍርስራሽ ማውረድ ያንተ ሥራ አይደለምና። የቅጥር ደብዳቤህን ሳላይ ግን ይህን አልፈርምበትም።

ስለ ፈጠራዎቹም ሐቁን ልንገርህ። የተቀጣጠለ የፍርስራሽ መውረጃ ውጭ አገር ከቆየ ቆይቷል። አዲስ ነገር ካለ ያለው በሩ ላይ ነው። የታወቀን ዕቃ ቅርጹን ወይም የተሠራበትን ነገር ብቻ መቀየር ለአነስተኛ ፈጠራም አይበቃም፤ ለውጡ አገልግሎቱን ሲያሻሽል ነው የሚቆጠረው። አቧራ የሚያፍንና ራሱ የሚዘጋ በር ግን ሊያስኬድ ይችላል።

ፍሎረሰንቱን እጠራጠረዋለሁ። የፍሎረሰንት ቅድመ አያት የሆነው የሜርኩሪ ተን መብራት አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያልተሞከረ ነገር ጥቂት ነው። የማውቀውን ኤሌክትሪሻን ብጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ ጋዙ አንዴ ከተቀጣጠለ ከረንቱ እየጨመረ ይሄዳል፣ ባላስት ልጓሙ ነው። ታዲያ ያንተ ልጓም ምንድን ነው? ዳዮድና ካፓሲተር ከሆነ የታወቀ ዘዴ ነው። ሌላ ከሆነ ማመልከቻው ላይ ሙያው ያለው ሰው አንብቦ ሊሠራው በሚችል መልክ መግለጽ አለብህ። ገንዘብ ሳታወጣ በፊት ኤስፓስኔትና ጉግል ፓተንትስ በሚባሉት የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጾች ላይ ፈልግ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ደግሞም የሜርኩሪን ጉዳት ለመከላከል የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች፣ ፍሎረሰንት ውስጥ ባለው ሜርኩሪ ምክንያት ፍሎረሰንት ማምረትንና ማስመጣትን እስከ 2027 (እ.ኤ.አ.) ለማቆም ተስማምተዋል። እየጠፋ ላለ አምፖል የ15 ዓመት መብት መግዛት ያዋጣ እንደሆነ አስላው።

ኮንትራክተሩን ለጊዜው ተወው። ሄደህ አትጣላ፣ ማስጠንቀቂያም አትጻፍ። በቅድሚያ የ12 ወሩ ሂሳብ ይጣራ። በዚህ ሳምንት በሩ መጀመሪያ የተገጠመበትን ቀን፣ በቦታው የነበሩትን ሰዎች፣ በርሜሎቹ የተገዙበትን ደረሰኝ፣ ስልክህ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ከነቀናቸው ሰብስብና አቅራቢያህ ካለ ጠበቃ ጋር ቁጭ በል። እኔ ጋ የምትመጣ ከሆነ የቅጥር ደብዳቤህን እንዳትረሳ። ሰርተፊኬቱንም ከፍሬሙ አውጥተህ አምጣው፤ ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር ካለ ማየት እፈልጋለሁ።