ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ስኳር ያለው ሻይ ሲጠጣ የሚነቃው ባለቤቴ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ባለቤቴ 41 ዓመቱ ነው። ከወራት ወዲህ አንዳንድ ጠዋት ስቀሰቅሰው ላብ አጥምቆት፣ ሲዘባርቅ አገኘዋለሁ። በጾም ቀን ይብስበታል። ስኳር የበዛበት ሻይ ሳጠጣው በሩብ ሰዓት ውስጥ ደህና ይሆናል፤ የሆነውን አያስታውስም። የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ መድኃኒት ጀምሯል፤ ለውጥ የለም። የስኳር በሽታ የለበትም። ጾሙን ይተው?

መልስ፦ እህቴ፣ የምርመራውን ግማሽ እርስዎ ሠርተውታል። የሚጥል በሽታ በሻይ አይበርድም። ይህ የደም ስኳር መውረድ ይመስላል። አለን ዊፕል የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም እንደ ፈረንጆች በ1930ዎቹ ሦስት ነገር ፈልጉ ብሎ ነበር፦ ምልክቱ፣ በዚያው ሰዓት የተለካ ዝቅተኛ ስኳር፣ ስኳር ሲሰጥ መሻል። እርስዎ የጎደለዎት መካከለኛው ነው።

የስኳር መድኃኒት በስህተትም ካልዋጠ፣ ኢንሱሊኖማ የሚባለውን የቆሽት ዕጢ እጠረጥራለሁ። ጤነኛ የቆሽት ሴል ስኳር ሲቀንስ፣ የደም ስኳርን የሚያወርደውን ሆርሞን፣ ኢንሱሊንን፣ ማመንጨቱን ይገታል። የዕጢው ሴል ግን ሆድ ባዶ ሆነ አልሆነ ግድ የለውም፤ ያፈሳል። ሌሊት አድሮ ጠዋት የሚብስበት ለዚህ ነው። ብዙዎቹም ሲበሉ ስለሚሻላቸው ቶሎ ቶሎ ይበላሉ፣ ይወፍራሉ። ሱሪው ጠቦታል?

ብርቅ በሽታ ነው፤ በዓመት ከሚሊዮን ሰው ከ1 እስከ 4 ቢይዝ ነው። ስለዚህ ሐኪሙን አይቀየሙት። እኔን የሚያናድደኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሚዘባርቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጣቱ ተወግቶ ስኳሩ መለካት ነበረበት።

አሁን የስኳር መለኪያ ይግዙ። ሲያመው ለክተው ቁጥሩንና ሰዓቱን ይጻፉ፣ ወዲያው ሻዩን ይስጡት። ከ55 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር (mg/dL) በታች ከሆነ ወረቀቱን ይዘው የሆርሞን ስፔሻሊስት ዘንድ ይሂዱ። መዋጥ ካቃተው ግን በአፉ ምንም አይስጡ፤ በደም ሥር ግሉኮስ ወደሚሰጥበት ያሩጡት። የሚጥል በሽታውን መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ።

ሆስፒታል አስተኝተው እስከ 72 ሰዓት ያስጾሙታል፤ ስኳሩ ሲወርድ ኢንሱሊንና ሲ-ፔፕታይድ (ቆሽት ኢንሱሊን ሲያመነጭ አብሮት የሚወጣ ንጥረ ነገር) ይለካሉ። እቤት እንዳትሞክሩት! ዕጢው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሴንቲ ሜትር ስለሚያንስ ሲቲ ስካን ሊስተው ይችላል። ያኔ በጉሮሮ በሚገባ አልትራሳውንድ ይፈለጋል። ደግነቱ ከ10ሩ 9ኙ ካንሰር አይደለም፤ በቀዶ ሕክምና ከወጣ አብዛኛው ሰው ይድናል።

ጾሙን እስኪመረመር ያቁም። እምቢ ካለ ለንስሐ አባቱ ይንገሩ፤ ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ይሰማል።